ስድስት ቀለም፣ አምስት ቤት

ሌሎች ፍቅረኞች ሲገናኙ ስለ ምን እንደሚያወሩ አላውቅም። እኔና ኃይለሚካኤል የምናወራው ስለ ወረቀት ነበር። ስለ ውፍረቱ፣ ስለ ፊቱ፣ ቀለም ሲያርፍበት ይጠጣል ወይስ ያንሳፍፋል ስለሚለው። ሳቁብኝ፤ ግድ የለም። ያኔ እኔም እስቅ ነበር።

ሰባት ዓመት ኩዌት ኖሬ ስመለስ ምን መሥራት እንዳለብኝ ሁሉም ሰው ከእኔ በላይ ያውቅ ነበር። አንዱ ባጃጅ ግዢ ይላል፣ ሌላው ሻይ ቤት ክፈቺ ይላል። እኔ የፈለግሁት ፎቶ ቤት ነበር። ኩዌት እያለሁ እናቴ ዓለሚቱ ከገሳይ የላከችልኝ አንዲት ፎቶ ነበረችኝ። በርካሽ ወረቀት የታተመች ስለነበረች ሁለት ዓመት ሳይሞላት የእናቴ ፊት መጀመሪያ ወደ አረንጓዴ ሄደ፣ ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። በሰው አገር ሆኖ የእናት ፊት ከእጅ ላይ ሲጠፋ ማየት ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል። ስለዚህ የማይጠፋ ፎቶ የሚያትም ቤት እከፍታለሁ ብዬ ወሰንኩ።

ደብረ ታቦር ላይ ቤት ተከራይቼ ፕሪንተር ፍለጋ ስወጣ ግን ምንም እንደማላውቅ ገባኝ። አንድ ነጋዴ የቢሮ ሌዘር ፕሪንተር አውጥቶ ዕድሜ ልክሽን ያገለግልሻል እያለ ሊሸጥልኝ ሲል፣ አጠገቤ ቆሞ ገመድ ሲመርጥ የነበረ ረጅም ሰው ጣልቃ ገባ። ለማመልከቻና ለደብዳቤ ጥሩ ነው፣ ለሰው ፊት ግን አይሆንም አለ። ነጋዴው ገላመጠው። እኔ አየሁት፤ እሱም አየኝ። ዓይኑን ቶሎ አላነሣም፤ እኔም አላነሣሁም። ኃይለሚካኤል የሚባል፣ ኮምፒውተርና ፕሪንተር የሚጠግን የአንበሳሜ ልጅ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ይኸኛው ይሻላል፣ ያኛው ይሻላል ስንል ሁለት ወር ከረምን። ያስተማረኝን ዛሬም አልረሳሁትም። የቀለም ካርትሪጅ የሚጎርሰው ፕሪንተር ሲገዛ ርካሽ ነው፤ በኋላ ግን በቀለም ያራቁታል። ታንክ ኖሮት ቀለም ከጠርሙስ የሚሞላው ሲገዛ ይከብዳል፣ ሲሠራ ይቀላል። አራት ቀለም ያለው ለአበባና ለቀሚስ ይበቃል፤ የእኛን ሰው ፊት በልኩ ለማውጣት ግን ስድስት ቀለም ያስፈልጋል፤ የፊትን ጥላ የሚያለሰልሱት ፈዘዝ ያሉት ሁለቱ ናቸው። ይህን ሁሉ ሲነግረኝ እጁን ያወዛውዛል፤ እኔ እጁን አያለሁ። ሰማሽ ወይ ሲለኝ ሰማሁ እላለሁ። ግማሹን አልሰማሁም።

ወረቀት ለመምረጥ ደግሞ የራሱን ፊት ሰጠኝ። አንድ ፎቶውን በቀጭን ግሎሲ፣ በወፍራም ግሎሲና በማት፣ ማለትም በማያብረቀርቀው ወረቀት አተምነው። ግማሽ ግማሹን በካርቶን ሸፍነን ፀሐይ በሚመታው መስኮቴ ላይ አንድ ወር ለጠፍናቸው። አላፊ አግዳሚው ይኸ ሰውዬ ለምርጫ ይወዳደራል ወይ እያለ ይጠይቀኝ ነበር። በወሩ ስንገልጣቸው ቀጭኑ ግሎሲ ላይ ያለው ኃይለሚካኤል ቀልቷል፤ ውኃ ጠብ ስናደርግበትም ዓይኑ ወደ ጉንጩ ወረደ። ማቱ ላይ ያለው ግን እንደ ነበረ ሆኖ አየኝ። በዚያ ቀን ፕሪንተሩንም ወረቀቱንም መረጥኩ። ሰውዬውንም ጭምር።

የተበላሸ ወረቀት አንጥልም ነበር። ማቱ በጀርባው እስክሪብቶ ይቀበላል፤ መስመር የወጣበትን፣ ቀለም የዘለለበትን እየቆረጥን እንጻጻፍበት ነበር። ጠዋት ሱቅ ስከፍት ከበሩ ሥር አንድ ቁራጭ አገኛለሁ። "ፈንታዬ፣ ትናንት ስትስቂ መብራት መጥፋቱን አላየሁም" የሚለው እስካሁን አለኝ።

ለማንም ያልነገርኩትን የነገርኩትም በዚያው ወረቀት ነው። ኩዌት የሄድኩት በፈንታነሽነቴ አልነበረም። ደላላው ዙለይካ በሚል ስም ፓስፖርት አወጣልኝ፤ ሰባት ዓመት ዙለይካ ሲሉኝ አቤት ስል ኖርኩ። ታምሜ ሆስፒታል የተኛሁ ጊዜ፣ ብሞት በዚያ ስም እንደምቀበር አስቤ ሌሊቱን ሙሉ ማልቀሴን ጻፍኩለት። መልሱ አንድ ቃል ነበር። "ፈንታነሽ" ብሎ ከላይ እስከ ታች፣ ባዶ ቦታ እስኪጠፋ ድረስ ደጋግሞ ጽፎት ነበር።

እናቱ ወይዘሮ ፍቅርአዲስ አንበሳሜ ላይ ስማቸው የታወቀ እህል ነጋዴ ናቸው። ልጃቸው ዲግሪ ያላትን እንዲያገባ ነበር ሐሳባቸው፤ የሰው ቤት ስትጠርግ የኖረች የገሳይ ገበሬ ልጅ አላሰቡም። በፊቴ አላሉትም፤ ግን የተባለ ነገር መድረሱ አይቀርም። ኃይለሚካኤል አራት ወር ለምኖ፣ አኩርፎ፣ ደግሞ ለምኖ ነው ሽማግሌ ለመላክ የተስማሙት።

በእኛ አገር ሽማግሌ ሲመጣ ከሀብት በፊት የሚጠየቀው ዘር ነው። እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ከዚያ ወዲህ የተገናኘ ወንድምና እህት ነው፤ አይጋባም። እናቴ በእኛ በኩል ሰባቱንም አንድ ሳታስቀር ቆጠረች። በእነሱ በኩል ግን ቆጠራው አራተኛው ቤት ላይ፣ ቅድመ አያቱ ሲሳይ ላይ ቆመ። ሲሳይ በድሮ ዘመን ከጋይንት በኩል ብቻውን መጥቶ አንበሳሜ የሰፈረ ሰው ነው፤ አባቱ ማን እንደሆነ ለማንም አልተናገረም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በኋላ ግን በስም የሚገናኝ ስላላገኙ ይሁን አሉ፤ ሠርጉም ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆረጠ። በዚያ ቀን ከእኔ የበለጠ ደስተኛ ሰው ደቡብ ጎንደር ውስጥ አልነበረም።

እናቴ ሣጥን ውስጥ አንድ የድሮ ፎቶ አለ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ደብረ ታቦር ገበያ ላይ የተነሡት ነው፤ ቅድመ አያቴ ዘርትሁንና ታናሽ ወንድሙ አያሌው ናቸው። አያሌው በድንበር ጠብ ሰው ገድሎ የጠፋ፣ ከዓመታት በኋላ ሞቷል ተብሎ ተዝካሩ የወጣ ሰው ነው። ፎቶው ከመሻገቱ የተነሣ ጋቢ የለበሱ ሁለት ጥላዎች እንጂ ሰው አይታይበትም። ለሠርጉ አሳድጌ እናቴ ቤት ልሰቅለው ፈለግሁ። ለሙከራ በተራ የቢሮ ወረቀት ሳትመው ጥላው ጥላ እንደሆነ ቀረ። ኃይለሚካኤል ግን ሦስት ቀን ኮምፒውተር ላይ ተተክሎ ሻጋታውን አንድ በአንድ እያነሣ አጸዳው፤ ከዚያ በወፍራሙ ማት፣ በስድስቱም ቀለም አተምነው።

ወረቀቱ ቀስ እያለ ሲወጣ መጀመሪያ ፀጉራቸው፣ ከዚያ ግንባራቸው መጣ። ታናሽየው የግራ ጆሮው ከጫፉ ተተርትሮ ለሁለት ተከፍሏል፤ እናቴም እኔም ይህን አይተን አናውቅም ነበር። ዓይኑን ሳይ ሳቄ መጣ። ያንተን ዓይን ይመስላል አልኩት። ፍቅር ሲይዝሽ ሁሉም ሰው እኔን ይመስልሻል አለኝና ግንባሬን ሳመኝ። አንድ ቅጂ ጨምረን አተምን፤ ቅዳሜ አንበሳሜ ሲሄድ ይዞት ሄደ። እናቱ የእጄን ሥራ አይተው እንዲኮሩብኝ ፈልጎ ነበር። ሌላ ነገር በልቡ አልነበረም።

ሰኞ አልተመለሰም። ስልኩ ዝግ ነው። ማክሰኞም ዝግ ነው። ሱቁን እከፍታለሁ፣ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ነገ ና እላለሁ። ፕሪንተሩ ሳይሠራ ከሰነበተ ቀለሙ እንደሚደርቅበት አውቃለሁ፤ ግን እጄ አልታዘዘኝም። በስድስተኛው ቀን የአንበሳሜ ሚኒባስ ሹፌር አንድ ቁራጭ ወረቀት አደረሰኝ።

"ፈንታዬ፣ ለጥቂት ቀን አትፈልጊኝ። ጥፋቱ ያንች አይደለም።"

መቶ ጊዜ አነበብኩት። ጥፋቱ ያንች አይደለም ማለት የእናቱ ነው ማለት ነው ብዬ ተረጎምኩት። ወይዘሮ ፍቅርአዲስ በመጨረሻ አሸነፉ፣ ዲግሪ ያላት ተገኘች፣ እኔ ተጣልኩ። ከሐዘኔ ቁጣዬ ቀደመ። በዚያው ወረቀት ጀርባ፣ "ለእናትህ ንገራቸው፤ የሰው ቤት የጠረገ እጅ የሰው በር ላይ ቆሞ አይለምንም" ብዬ ጽፌ ለዚያው ሹፌር ሰጠሁት። በዕድሜዬ ከጻፍኩት ሁሉ እሷን መስመር ብውጣት እመርጥ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ራሱ መጣ። በዘጠኝ ቀን ሰው ያን ያህል ይከሳል ብዬ አላውቅም። ልቆጣ አፌን ስከፍት ዓይኑን አየሁና ቁጣዬን ረሳሁት። ፎቶውን ከቦርሳው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤ ተቀመጪ አለኝ፣ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገረኝ።

ቅዳሜ ሲደርስ እናቱ ገበያ ነበሩ። ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ የተቀመጡት ሰማንያ ሊደፍኑ ትንሽ የቀራቸው የአባቱ አባት አያ ሞላ ብቻ ናቸው። ሚስት ልትሆነኝ ያለችው የሠራችውን ይዩልኝ ብሎ ሰጣቸው። አያ ሞላ እጃቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ተቀበሉት። ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ከዚያ አውራ ጣታቸውን የተተረተረው ጆሮ ላይ አድርገው፣ አባቴ አሉ። ልጅ ሆነው በአባታቸው ክንድ ላይ ሲተኙ በዚያ ጆሮ እየተጫወቱ ነበር እንቅልፍ የሚወስዳቸው። አባታቸው ሲሳይ አንድ ቀን ብቻ፣ ሊሞቱ ሰሞን፣ ሲሳይ ስሜ አይደለም ብለዋቸው ነበር። ደም መላሽ በልጆቼ ላይ እንዳይመጣ ነው ብለው እውነተኛውን ስም ሳይነግሯቸው ሞቱ።

ስሙን ያወቀው ኃይለሚካኤል ነው፤ የነገርኩት እኔ ነኛ። አያሌው ፋንታው፣ የዘርትሁን ወንድም።

"አምስተኛ ቤት ላይ ገጠምን" አለኝ። ድምፁ የእሱ አይመስልም። "አንች፣ እናትሽ፣ አያትሽ፣ ዘርትሁን፣ ፋንታው። እኔ፣ አባቴ፣ አያ ሞላ፣ አያሌው፣ ፋንታው። ዘጠኝ ቀን ቆጠርኩት ፈንታዬ። ከየትም ብጀምር አምስት ነው የሚመጣው።"

ጣቶቼን ዘርግቼ እንደ ሕፃን እኔም ቆጠርኩ። ከዚያ አያቱ ምን እንዳሉት ጠየቅሁት። አያ ሞላ መጀመሪያ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብለዋል። የልጅ ልጃቸው ሲያለቅስ ሲያዩ ግን ጨክነው መቀጠል አልቻሉም። እናትህ አላየችም፣ እኔ ያባቴን ምስጢር ይዤ አርጅቻለሁ፣ ያንተን ጨምሬ ብይዝ አይከብደኝም አሉት። "ግን እየኝ ልጄ" ብለውታል፤ "አባቱን ሳያውቅ ያረጀ ሰው ነኝ።"

ኃይለሚካኤል ተነሥቶ የጠረጴዛዬን መሳቢያ ሳበ። ያንን በቢሮ ወረቀት የታተመውን፣ ጥላ ብቻ የሚታይበትን ፎቶ አውጥቶ ከጥሩው አጠገብ አስቀመጠው።

"ይኸን ስቀይው" አለኝ። "እዚህኛው ላይ ጆሮ የለም፣ ዓይን የለም። ኮምፒውተር ላይ ያለውን አጠፋዋለሁ። የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነን፤ አንዱ ነገ ከነገ ወዲያ ይሞታል። አምስት ቤት ነው ፈንታዬ። ሁለት ቤት ነው የጎደለን፤ ሁለት የሞቱ ሰዎች።"

እውነቱን ልናገር። በልቤ እሺ ብዬ ነበር። ጥሩውን ፎቶ ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት፤ መጥፎውን አነሣሁና እናቴ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል አየሁት። የሠርጉን ቀን አየሁ፣ ቤታችንን አየሁ፣ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ሲገባ አየሁት። ኃይለሚካኤል ፊቴን አይቶ ገባው፤ እጄን ያዘው። እጄን ወደ ጉንጩ አስጠጋው። ደስታ መሆኑን ሳውቅ ልቤ ተሰበረ፤ ምክንያቱም ወዲያው ሌላ ነገር ታየኝ። ልጅ ታየኝ። ሽማግሌ ፊት ቆሞ ዘሩን የሚቆጥር ልጅ።

"ልጃችን ሲቆጥር አምስተኛው ላይ ማን ይበል?" አልኩት።

"ሲሳይ ይበል። እኔም እንደዚያ ብዬ ነው ያደግሁት።"

"እኔ ሰባት ዓመት በሰው ስም ተጠርቻለሁ ኃይሌ። ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። ስሜን የመለስህልኝ አንተ ነህ፤ ወረቀት ሙሉ ጽፈህ። ልጄን ዙለይካ ላድርገው? እሱም አንድ ቀን የእህቱን ልጅ፣ የአክስቱን ልጅ ሳያውቅ ሽማግሌ ይላክባት?"

እጄን አልለቀቀም። እኔም እንዲለቀኝ አልፈለግሁም።

"ብንጠፋስ?" አለ። "አዲስ አበባ ብንሄድ፣ ማንም በማያውቀን አገር?"

"አያሌውም ማንም በማያውቀው አገር ነው የሄደው።"

ጭንቅላቱን ጠረጴዛው ላይ፣ በሁለቱ ፎቶዎች መሐል ደፋ። ወንድ ልጅ እንዲህ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም። ፀጉሩን ልዳብስ እጄን ዘረጋሁና መንገድ ላይ ቆመ፤ በየትኛው እጅ እንደምዳብሰው ግራ ገባኝ፣ በሚስትነት ነው በእህትነት? በመጨረሻ ዳበስኩት። በየትኛው እንደዳበስኩት እኔ አውቃለሁ።

ሊሄድ ሲል በሩ ላይ ቆሞ ስለ ደብዳቤዬ ነገረኝ። እኔ ያንን መስመር ጽፌ በላክሁበት ቀን እናቱ ወይዘሮ ፍቅርአዲስ ሸማኔ ቤት ነበሩ። ለእኔ የሠርግ ቀሚስ ጥበቡን ራሳቸው መርጠው ያስለኩ ነበር። ደብዳቤውን አላሳያቸውም። እሳቸው ምንም አያውቁም፣ አትቀየሚያቸው አለኝ። እሱ ከሄደ በኋላ ሱቁን ዘግቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ጠላት ነበረኝ፤ ጠላት ያለው ሰው ቢያንስ የሚቆጣበት አለው። እኔ ያን ቀን የምቆጣበት ሰው እንኳ አጣሁ።

ጥሩውን ፎቶ በማግስቱ ገሳይ ወስጄ እናቴ እጅ ላይ አስቀመጥኩት። ታሪኩን ስነግራት መጀመሪያ ጮኸች፣ ከዚያ መሬት ሳመች። የጠፋው ዘራቸው ተገኘ። እኔን ለማየት ትዝ ያላት ብዙ ቆይታ ነው፤ ስታየኝ ግን አቀፈችኝና እስኪመሽ አልለቀቀችኝም።

ሠርጉ ሊሆን በነበረበት እሑድ ሁለቱ ቤተሰቦች እናቴ ቤት ተገናኙ። ለሠርግ የተጠመቀው ጠላ ለዘመድ መገናኛ ተቀዳ። አያ ሞላ በበቅሎ ሳይሆን በሚኒባስ መጡ፤ ከመኪናው ሲወርዱ ግን መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ነበር የተቀበላቸው። አባታቸው የተወለደበትን ደጅ ረግጠው፣ አያሌው ብለው ስሙን ጠርተው አለቀሱ። ሰማንያ ዓመት ያልተለቀሰ ለቅሶ ነበር። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው መረቁ። ከጋብቻ ዝምድና ይበልጣል፣ እግዚአብሔር ከኃጢአት አዳናችሁ አሉ። ሁሉም አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ።

ወይዘሮ ፍቅርአዲስ በሰው መሐል አልፈው መጥተው ሁለቱን ጉንጮቼን ሳሙኝ። "ልጄ" አሉኝ። ዓመት ሙሉ ከእሳቸው አፍ የለመንኩት ቃል ነበር። ቀሚሱን ይዘውልኝ መጥተዋል፤ ለዘመድም ይሰጣል፣ ልበሽው አሉኝ። አልብሰውኝ ራቅ ብለው አዩኝና ዓይናቸውን ሰበሩ።

ኃይለሚካኤል በሩ አጠገብ ቆሟል። ቀኑን ሙሉ አንዴም ወደ እኔ አላየም። እኔ ግን የት እንደቆመ ሳላይ አውቅ ነበር። እናቴ ከጠላው ሞቅ ብሏታል፣ ደስታውም ሞቅ አድርጓታል፤ ክፋት የላትም። ሄዳ እጁን ይዛ ጎትታ አመጣችው።

"ና ልጄ፣ ምን ያሳፍርሃል?" አለችው። "እህትህን ሳም እንጂ።"

ሰው ሁሉ ያየናል። ወደ እኔ መጣ። ጎንበስ ብሎ ቀኝ ጉንጬን ሳመኝ፣ ከዚያ ግራውን፣ ከዚያ እንደገና ቀኙን፤ ዘመድ እንደሚሳሳመው። በዚያች አፍታ ፊቱ ፊቴን ሲነካ የሁለታችንም ጉንጭ እርጥብ ነበር፤ የማንኛችን እንባ እንደሆነ ለመለየት አይቻልም።

"እንደምን ከረምሽ፣ እህቴ" አለኝ።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩት። ቀጥሎ የሚመጣው ቃል አንድ ብቻ ነበር። ሰው ሁሉ ይጠብቃል፣ እሱም ይጠብቃል። ዓይኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አድርጎ አየኝ፤ ገመድ ሲመርጥ እንዳየኝ ሳይሆን፣ በይው እያለ እንደሚለምን ሰው።

"ወንድሜ" አልኩት።

ሴቶቹ እልል አሉ። በደስታ የማለቅስ መስሏት እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝ። እኔም ዝም ብዬ ተጠረግሁላት።